ልቤን አሞኝ የጨጓራ ክኒን ሲሰጡኝ

ሦስት ጊዜ «ጨጓራ ነው» ተብዬ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። በአራተኛው ልቤ ሊቆም ምንም አልቀረውም። ከዚያ ደግሞ ሆስፒታል ተኝቼ፣ በገዛ እጄ፣ ሌላ ጥፋት ጨመርኩበት። ሁለቱንም እጽፋለሁ። የሌላውን ጥፋት ዘርዝሬ የራሴን ብደብቅ፣ ይህን የሚያነብ በሽተኛ ምንም አይጠቀምም።

ዘይነብ እባላለሁ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አሶሳ ውስጥ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ። አፌን የፈታሁት በበርታ ቋንቋ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ሥራዬ ሰው የተናገረውን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ማድረስ ነው። ያልገባኝን ነገር ገምቼ አልናገርም። ባለጉዳዩን መልሼ እጠይቃለሁ፤ ጠበቃው ቢቆጣም እጠይቃለሁ። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም። ይህ ጠባዬ ለራሴ ሕመም ሲሆን የት እንደገባ ሳስበው እስከ ዛሬ ስለሚያናድደኝ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከገበያ ዘንቢል ይዤ ወደ ሰፈራችን የሚያወጣውን ዳገት ስያያዘው፣ ደረቴ መሃል፣ ዝቅ ብሎ፣ የሚያቃጥል ነገር ተነሳብኝ። ቆም ስል ተወኝ። ስቀጥል ተመለሰ። መንጋጋዬንም ጎተት ያደርገኝ ነበር፤ ጥርሴ ነው ብዬ ናቅሁት። ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ሲመላለስብኝ ባሌ ኢድሪስ «ታይተሽ ነይ» አለኝ። ኢድሪስ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር የማንጎ ማሳ አለው። ብዙ የማያወራ ሰው ነው፤ ሂጂ ካለ የምሩን ነው።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ስሙን አልጽፍም። አግዳሚ ወንበር ላይ ከሌሎች ጋር ተደርድሬ ግማሽ ቀን ጠበቅሁ። አንድ ሰው በተጠራ ቁጥር ሁላችንም ወደ በሩ ፈቀቅ እንላለን። ተራዬ ደርሶ ስገባ ግን ውስጥ የቆየሁት ጥቂት ደቂቃ ነው።

«እናቴ፣ የት ነው የሚያምሽ?» አለኝ ጤና መኮንኑ። ወጣት ነው፤ ሰው የሚያከብር፤ ድካሙ ፊቱ ላይ የሚታይ።

በእጄ አሳየሁት።

«ያቃጥላል?»

«አዎ።»

«ጨጓራ ነው።»

ኦሜፕራዞል የሚባል የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ ክኒን ለሁለት ሳምንት አዘዘልኝ። በርበሬ ተውኩ። ኢድሪስ በርበሬ ያለበት ወጥ ጨርሶ ቤታችን እንዳይገባ ከለከለ፤ ሁለታችንም የማሽላ ገንፎ በባሚያ ስንበላ ሰነበትን። ሕመሙ ግን ዳገቱ ላይ ይጠብቀኛል። ተመልሼ ሄድኩ። ሰገራዬ ተመርምሮ «የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ» ተባልኩ፤ ሌላ መድኃኒት ተጨመረልኝ። ሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ። ደሜ ተመርምሮ «ታይፎይድም ጀማምሮሻል» ተባልኩ። ያን ቀን አንድ ነገር ተናገርኩ።

«ስበላ አይደለም የሚያመኝ። ዳገት ስወጣ ነው።»

ጤና መኮንኑ ፈገግ አለ። «እናቴ፣ ጨጓራ ዳገትና ሜዳ አይለይም።»

ሰው የሚያስቅ ቀልድ ነው። እኔም ሳቅሁ። ዳኛ ፊት ቆሜ «አልገባኝም፣ ይደገምልኝ» የምለው ሴትዮ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ አንዲት ጥያቄ ሳልጨምር ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ። ነጭ ጋውን ያፍ መዝጊያ ሆነብኝ። አንድ ሌላ ነገርም ሳልናገር ቀርቻለሁ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት እየገዛሁ ወራት ውጫለሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም እንደ መድኃኒት አልቆጠርኩትም ነበር።

ልቤ የወደቀው ችሎት ላይ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበራቸው ላይ ስለቆመች አንዲት የማንጎ ዛፍ ይከራከሩ ነበር። አንዱ ሙሳ የሚባሉ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላው አባቱ ከወሎ በሠፈራ የመጣ ይማም የሚባል ገበሬ። ሙሳ አማርኛ ብዙም ስለማይሉ የእሳቸውን ቃል የማቀርበው እኔ ነኝ። «ዛፏን የተከለው አባቴ ነው» አሉ በቋንቋችን። አፌን ከፈትኩ፤ ቃል አልወጣም። አንድ ሰው ደረቴ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። ግራ እጄ ከትከሻዬ ጀምሮ እስከ ትንሿ ጣቴ ደነዘዘ፤ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ።

«ወይዘሮ ዘይነብ፣ ምን አሉ?» አሉ ዳኛው።

«ደረቴን» አልኩ።

ዳኛው ጸሐፊዋን እያዩ «ደረቴን ነው ያሉት?» ብለው ጠየቁ።

«እሳቸው አይደሉም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

በፍርድ ቤቱ መኪና ሆስፒታል አደረሱኝ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው የልቤን አመታት በወረቀት ላይ አነሱ፤ ኢሲጂ ይሉታል። ወረቀቱን ያነበበችው ዶክተር ሰላም የምትባል ገና ወጣት ሐኪም ናት። አልጋዬ አጠገብ ጎንበስ ብላ በቀስታ ነገረችኝ።

«ወይዘሮ ዘይነብ፣ ለልብዎ ደም ከሚያደርሱት ሥሮች አንዱ ተዘግቷል። ልብዎ እየተጎዳ ነው። አሁኑኑ መድኃኒት እንጀምራለን።»

«ጨጓራዬ አይደለም?»

«አይደለም። መቼ ነው የጀመረዎት?»

«ሁለት ወር ሊሆነው ነው።»

ሁለት ወር የሚለውን ካርዴ ላይ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት። ያ መስመር አስፈራኝ፤ ደግሞም አኮራኝ። ሁለት ወር ሙሉ ትክክል ነበርኩ ማለት ነው። አስፕሪን አኘክሁ፤ ሌላ ክሎፒዶግሬል የሚባል ክኒን ተጨመረልኝ፤ ሆዴ ላይ መርፌ ተወጋሁ። ለተጨማሪ ምርመራ አዲስ አበባ መሄድ እንደሚያስፈልገኝ፣ ግን አሁን መንገድ እንደማልችል፣ መጀመሪያ እዚሁ መረጋጋት እንዳለብኝ ነገረችኝ።

በነጋታው ታላቅ እህቴ ከልቱማ ልታስታምመኝ ከመንጌ መጣች። ከልቱማ ወርቅ በማጠብ ልጆች ያሳደገች፣ አማርኛ ብትናገርም ሴቱንና ወንዱን የማትለይ፣ የፈለገችውን ግን ለማንም ከመናገር የማትመለስ ሴት ናት። እንጀራም ገንፎም ይዛ አልመጣችም፤ ራሷን ብቻ ይዛ መጥታ አልጋዬ ሥር ምንጣፍ ዘረጋች።

የጠዋት መድኃኒት የምትሰጠን ሲስተር ቦንቱ ናት። የባምባሲ ልጅ ናት፤ «ሀርሜ» ትለኛለች፣ በኦሮምኛ እናቴ ማለቷ ነው። የመጀመሪያው ጠዋት ክኒኖቹን በትንሽ ክዳን ላይ አድርጋ ሰጠችኝ። ከመካከላቸው አንዷን አወቅኋት። ክሊኒኩ አዝዞልኝ የዋጥኳት ክኒን ናት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱ የጨጓራ ነው፣ ሀርሜ።»

«ጨጓራ የለብኝም።»

«ዶክተር አዝዛለች፤ ዋጪው።»

«እኔን ልቤን ነው ያመመኝ። ጨጓራ ጨጓራ እያላችሁ ነው እዚህ ያደረሳችሁኝ።»

ቦንቱ ወደ በሩ አየች። የሚጠብቋት በሽተኞች ብዙ ነበሩ። «እሺ በኋላ እናወራለን» ብላ ሄደች። አልተመለሰችም፤ ክፉ ሆና ሳይሆን ጊዜ አጥታ ነው። እኔም ሌሎቹን ውጬ ያችን ክኒን ለከልቱማ ሰጠኋት። እህቴ ምንም ሳትጠይቅ ከላይ በምትለብሰው ቶብ ጫፍ ቋጠረቻት።

ኢድሪስ ሊጠይቀኝ ሲመጣ አየና ተቆጣ። «የሰጡሽን ዋጪ። አንቺ ዳኛም ሐኪምም ልሁን ትያለሽ።»

«ሦስት ጊዜ የሰጡኝን ውጫለሁ» አልኩት። «አራተኛ የለም።»

ያመጣልኝን ልብስ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ትዳራችን ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ሳይሰናበተኝ ሲወጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

በሦስተኛው ቀን የፍርድ ቤታችን ጸሐፊ ልትጠይቀኝ መጣች። ነገሩን ብነግራት ስልኳን አውጥታ አነበበችልኝ፤ የጨጓራ ክኒን የልቡን መድኃኒት ያበላሻል የሚል ጽሑፍ ነው። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ለእኔ ግን ፍርድ እንደተፈረደልኝ ነው። ከዚያ በኋላ ከልቱማ ክኒኗን ስትቋጥር ደስ እያለኝ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ዓይነ ምድሬ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ወጣ። ሽታውም የተለየ ነው። ደነገጥኩ፤ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ከመድኃኒቱ ብዛት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ብናገር ያልዋጥኳቸው ክኒኖች እንደሚወጡ አውቄያለሁ። በማግሥቱ ለቀትሩ የዙህር ሶላት ታጥቤ ውዱእ ላደርግ ከአልጋዬ ስነሳ ክፍሉ ዞረብኝ። ከዚያ የማስታውሰው የከልቱማን ድምፅ ነው።

«ዶክተር፣ እህቴ ወደቀ። ነይ ቶሎ። መድኃኒት አልበላም እሱ። እኔ ጋር ነው ያለው።»

ዓይኔን ስከፍት እህቴ የቶቧን ቋጠሮ ፈትታ ክኒኖቹን በዶክተር ሰላም መዳፍ ላይ ስታፈስ አየሁ። ለእኔ ብላ ደበቀች፤ ለእኔ ብላ አወጣች። አንድ ጊዜም ወደ እኔ ዘወር ብላ ይቅርታ አልጠየቀችም። ልክ ነበረች።

ዶክተር ሰላም የደም ግፊቴን ለካች። «ጥቁር ዓይነ ምድር አይተዋል?»

«ከትናንት ጀምሮ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

ተኝቼም፣ ምላሴ ደርቆም፣ ተናደድኩባት። «አንቺስ ይህ ክኒን ለምን እንደሚሰጠኝ ለምን አልነገርሽኝም?»

ወደ ሥራዋ ገባች። በሁለቱም እጆቼ ፈሳሽ ተተከለ። ጨጓራዬ እየደማ ነው። የልቤ ሥር እንዳይዘጋ የሚሰጡኝ ሁለቱ መድኃኒቶች ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ፤ ጨጓራዬ ውስጥ ያለችውን ቁስልም ደሟ እንዳይቆም አደረጓት። ሁለቱንም ቢያቆሟቸው ልቤ ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል። ቢቀጥሏቸው ልደማ እችላለሁ። ዶክተር ሰላም አዲስ አበባ ካለ የልብ ሐኪም ጋር በስልክ ስትማከር፣ ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትል፣ በበሩ አያት ነበር። በመጨረሻ አንዱን ለጥቂት ቀን አቁማ ሌላውን አስቀጠለች፤ የጨጓራ መድኃኒት በደም ሥሬ እንዲሰጠኝ አደረገች፤ ደም እንዲለገስልኝም ተጠየቀ።

ያ ከሰዓት በሕይወቴ ከሁሉም የረዘመ ነው። ኢድሪስ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ብዬሽ ነበር» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ጣቶቼን እየቆጠረ እንደሚጫወት ልጅ አንድ በአንድ ያሻሻቸው ነበር፤ ቀዝቅዘው ኖሮ ሊያሞቃቸው ነው።

ወደ ማምሻው ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ባጃጅ መጡ። ሙሳና ይማም ናቸው፤ ችሎት ላይ ስወድቅ ያዩኝ። ነገሩን ሰምተው ደም ሊሰጡ ነው የመጡት። ሙሳ በዕድሜያቸው ምክንያት አይችሉም ተባሉ፤ በጣም ተቀየሙ። ይማም ሰጠ። ክንዱን በጥጥ ይዞ ወደ አልጋዬ መጣና ጤናዬን ጠየቀኝ፤ ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ዛፏን ግን አልለቅም» አለ።

ሙሳ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። መለሱ። ይማም አየኝ።

«እሳቸውም አልለቅም ይላሉ» አልኩት።

ከወደቅሁ ወዲህ የመጀመሪያው ትርጉሜ ነው። ኢድሪስ ሲስቅ ሰማሁት።

ደሙ በሁለተኛው ቀን ቆመ። በሦስተኛው ቀን ዶክተር ሰላም ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። እስከዚያ ድረስ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም።

«የጠየቁኝን ልመልስ» አለችኝ። «ያ ክኒን የተሰጠዎት ጨጓራ ስላለብዎት አይደለም። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ሲወሰዱ ጨጓራ ሊያደሙ ይችላሉ። ዕድሜዎ አለ። ለጉልበትዎ ሲወስዱት የነበረው ማስታገሻም ጨጓራ ያቆስላል፤ ለልብም ጥሩ አይደለም። እሱን ከልቱማ ናት የነገረችኝ። ስለዚህ ክኒኑ ዘብ ነው፤ እንዳይደማ የሚጠብቅ።»

«ይህን በመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ እውጠው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«የልቡን መድኃኒት ያበላሻል የሚባለውስ? ውሸት ነው?»

አዎ ውሸት ነው ብትለኝ ይቀላት ነበር።

«ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም» አለች። «ክሎፒዶግሬል እንዲሠራ ጉበት ውስጥ መለወጥ አለበት። ኦሜፕራዞል ያን ሥራ ሊያደክመው ይችላል። በሰው ላይ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ሐኪሞች እስከ አሁን ይከራከሩበታል። ግን ከዚያው ወገን የሆነ፣ ክሎፒዶግሬልን ያን ያህል የማይነካ ፓንቶፕራዞል የሚባል አለ። ከመጀመሪያው እሱን ማዘዝ ነበረብኝ። እጃችን ላይ የነበረው ያኛው ስለሆነ ያንን ጻፍኩ። አሁን ቀይሬዋለሁ።»

ሐኪም «ነበረብኝ» ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ንዴቴ ሁሉ አልጠፋም፤ ግን ከዚያ በኋላ የምትለኝን ሁሉ አመንኳት። እኔም የኔን አልኳት። ክኒኑን መደበቅ እንዳልነበረብኝ፣ የጠቆረውን ነገር አይቼ አንድ ቀን ሙሉ ዝም ማለቴ ሊገድለኝ ይችል እንደነበር።

ከዚያ ጠየቅኋት። ሌላ ጉዳት አለው? አለው አለችኝ፤ አሲዱ ሲቀንስ አንዳንድ ተኝቶ ታካሚ ላይ ከባድ ተቅማጥ ሊመጣ ይችላል፣ ለዓመታት ያለ ምክንያት ሲወሰድ ደግሞ ሰውነት የሚያስፈልጉትን አንዳንድ ነገሮች ሊያሳጣ ይችላል። ታዲያ ለልብ ሕመምተኛ ሁሉ ይሰጣል? አይሰጥም፤ የመድማት ዕድሉ ሰፊ ለሆነ ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ ታስቦ ነው የሚታዘዘው። እኔስ እስከ መቼ? ደም የሚያቀጥኑትን እስከወሰድኩ ድረስ፣ አንድ ጊዜ ስለደማሁ፤ በየቀጠሮው እያየነው። «ጻፊልኝ» አልኳት። በካርዴ ላይ በአማርኛ፣ ሰው በሚያነበው ፊደል፣ ጻፈችልኝ።

እሷ ስትወጣ ሁሉንም ለከልቱማ በቋንቋችን ነገርኳት። የሚቀጥለው አልጋ ላይ የተኛች የበርታ ሴት ሰምታን ኖሮ «የኔስ ክኒን ለምንድን ነው? ጠይቂልኝ» አለችኝ። በማግሥቱ ዶክተሯ ስትመጣ ጠየቅሁላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክወጣ ድረስ ሲስተር ቦንቱ ቋንቋ ሲቸግራት «ሀርሜ» እያለች ትጠራኛለች፤ እኔም ትራሴን ደገፍ ብዬ አስተረጉማለሁ። ስንቱ ሰው ምን እንደሚውጥ ሳያውቅ እንደሚውጥ ያየሁት ያኔ ነው።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ታየሁ። ልቤ ከተጎዳው ቦታ በስተቀር ደህና እየሠራ እንደሆነ ነገሩኝ። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ችሎት ተከፈተ። ኢድሪስ ሥራዬን እንድተው ፈለገ። ለዘመዶቻችን ሁሉ ነግሮ ኖሮ አንድ ጁምዓ ቀን ተሰብስበው መጡ። ጡረታሽ ደርሷል፣ ዕረፍት ይሻልሻል፣ ልጆችሽን አስቢ አሉኝ። እያንዳንዳቸውን እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ከዚያ ዶክተሯ ተመልሼ መሥራት እንደምችል የጻፈችውን ወረቀት አወጣሁና ለኢድሪስ ሰጠሁት።

«ወድቄ ሳለ ስለኔ ሰው ወሰነ» አልኩት። «ቆሜ ግን ራሴ ነኝ የምወስነው።»

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ዳገቱን በእግርሽ አትወጪም» አለ በመጨረሻ። «ባጃጅ ትይዣለሽ።» በዚህ ተስማማን። ጠዋት ጠዋት ብቻ እየሠራሁ ጀመርኩ፤ በሦስተኛው ወር ዶክተሯ ቀስ ብለሽ መራመድ አለብሽ ስትለኝ ዳገቱንም አስመለስኩ።

ወደ ክሊኒኩም ሄጃለሁ። ካርድ አውጥቼ፣ እንደማንም ተራዬን ጠብቄ ገባሁ። ጤና መኮንኑ አላስታወሰኝም። የልቤን ምት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ዳገት ስወጣ ነው የሚያመኝ ብዬህ ነበር።»

ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየው። «እኛ ጋ ኢሲጂ የለም» አለኝ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ሌላ ቦታ አለ። ሂጂ ብትለኝ ይበቃ ነበር።»

ክርክር አልገጠመኝም። እኔም አልሰደብኩትም፤ ልሰድበው ሄጄ ነበር፣ ግን አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ጎረቤታችን ደረቷን አሟት እሱ ጋ ስትሄድ በቀጥታ ሆስፒታል እንደላካት ነግራኛለች። የእሷ ጨጓራ ሆኖ ተገኘ። ደስ አለኝ።

እናንተም፣ ደረታችሁን ወይም ከደረታችሁ በታች የሚያማችሁ ስትራመዱና ዳገት ስትወጡ ከሆነ፣ ስታርፉ የሚተዋችሁ ከሆነ፣ እጃችሁን ወይም መንጋጋችሁን የሚነካችሁ ከሆነ፣ «ልቤን እዩልኝ» በሉ። ቢስቁባችሁም በሉ። ሆስፒታል ተኝታችሁ የማታውቁት ክኒን ሲሰጣችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ፤ መልስ ካላገኛችሁ ነገም ጠይቁ። ግን እንደኔ ዝም ብላችሁ አትደብቁት። አልውጥም የምትሉ ከሆነ በአፋችሁ፣ በግልጽ፣ ለሐኪሙ ተናገሩ። ከመድኃኒት ቤት የገዛችሁትን ማስታገሻ ሁሉ ንገሯቸው። ዓይነ ምድራችሁ ከጠቆረ ደግሞ ያንኑ ሰዓት ተናገሩ። የሰው ስልክ ላይ ያለ ጽሑፍ ሐኪም አይደለም፤ ሐኪም የምትጠይቁበትን ጥያቄ ግን ሊሰጣችሁ ይችላል።

ባለፈው ወር መድኃኒቴ አለቀና ሁልጊዜ ከምገዛበት መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ወጣቱ ፋርማሲስት መደርደሪያውን ፈትሾ ተመለሰ።

«ፓንቶፕራዞል አልቋል፣ እናቴ። ኦሜፕራዞል ልስጥሽ፤ ያው ነው።»

«ያው አይደለም።»

«ሁለቱም የጨጓራ ናቸው።»

«ክሎፒዶግሬል እየወሰድኩ ነው» ብዬ ካርዴን በመስኮቱ አስገባሁለት። «አንብበው።»

ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል። አንዱ «እትዬ፣ የሰጡሽን ተቀብለሽ አሳልፊን» አለ። ዞር ብዬ አየሁት እንጂ ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም።

«የዶክተሯ ስልክ እዚያ ላይ አለ» አልኩት ፋርማሲስቱን። «ደውልላት።»

ልጁ ካርዱንና እኔን እያፈራረቀ ካየ በኋላ ደወለ። «እሺ ዶክተር፣ ገባኝ» አለ፤ ስልኩን ዘጋና ካርዴን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

«ልክ ነሽ፣ እናቴ።»

«ልክ መሆኔንማ አውቃለሁ» አልኩት። «አሁን መድኃኒቱ የት እንደሚገኝ ፈልግልኝ።»